ከሰል የተቀባው እንቁላል፦ በአንድ የሐዋሳ ጓሮ የገጠመን የእባብ ጉዳይ

እናቴ እንቁላል ስትሰበስብ አንዱን ሁልጊዜ ዶሮዋ በምትጥልበት ቦታ፣ መጣያው ውስጥ ትተዋለች። ዶሮዋ ቦታዋን እንዳትቀይር ነው። ከትኩሱ ጋር እንዳይምታታ በከሰል መስቀል ትሠራበታለች። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት እዚያው ይቆያል። ያንን እንቁላል የሚበላው የለም። ለገበያም አይወጣም። ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ከሰል የተቀባው እንቁላል መጣያው ውስጥ አልነበረም።

በዚያ ክረምት የሆነውን ከነስህተታችን እጽፋለሁ። ጓሮው ውስጥ ዶሮ የሚያረባ ሰው እባብ ሲያይ መጀመሪያ የሚያነሣው ዱላ ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። የመጀመሪያው ዱላችን ያረፈው ግን በማይገባው ላይ ነው።

ቤቱና ጓሮው

ቤታችን ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ከፊት ለፊት መንገድ፣ ባጃጅ፣ ሱቅ አለ። ከኋላ አጥሩን ሲያልፉ ድንጋይና ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ልጆች ሆነን እዚያ ስንሮጥ እባብ ማየት ብርቅ አልነበረም። ብርቅ የሆነብን ግቢ ድረስ መምጣቱ ነው።

ጓሮው ውስጥ ጥቂት እንሰት፣ ሁለት አቮካዶ፣ ጥግ ላይ የማገዶ ክምር አለ። አጥሩ ሲሠራ የተረፈ ሰባ የሚሆን ብሎኬትም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። ሣር በቅሎበታል። ወንድሜ ዶሮ ቤቱን የሠራው ከዚህ ክምር ሁለት እርምጃ ርቆ ነው። ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊቱ የዶሮ ሽቦ። ወለሉ ውሃ እንዳያገኘው ድንጋይ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። ከሥሩ ጨለማ፣ ደረቅና ሙቅ ነው። ያኔ ስለ ዝናቡ እንጂ እዚያ ሥር ማን ሊገባ እንደሚችል አላሰብንም።

አሥራ አምስት ጣይ ዶሮዎች ነበሩን። ዘጠኙ ቦቫንስ፣ ስድስቱ ሳሶ የሚባሉ የውጭ ዝርያዎች ናቸው። አንዲት የሀበሻ ዶሮም ሁለት ወር የሞላቸው ስድስት ቄቦች አሏት። ሁሉም አንድ ቤት ያድራሉ። እናቴ በየቀኑ ስንት እንቁላል እንደተገኘ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ደህና በሆነ ቀን 11 ወይም 12 ይገኛል።

ሐምሌ 3 ላይ 7 ብቻ ተገኘ። ብርዱ ነው ብለን አለፍነው። ሐምሌ 10 ላይ 6 ሆነ። በመካከል ያሉት ቀናት ደህና ነበሩ። እናቴ እንቁላሉን የምትሰበስበው በነጋታው ጠዋት ስለነበር ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ልማድ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጥርጣሬው ያረፈበት

አብራን የምትኖር ልጅ አለች። ቀን እናቴን ታግዛለች፣ ማታ ትማራለች። ሁለተኛ ጊዜ እንቁላል ሲጎድል አንዲት ጎረቤት ለእናቴ፣ "የቤቱም ሰው ይጠየቅ እንጂ" አለቻት። እናቴ አልጠየቀችም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ባለችበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንቁላል መቁጠር ጀመረች። ልጅቷ ገብቷታል። እኔም ገብቶኛል፤ ግን ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ሐምሌ 18 አምስት እንቁላል ጎደለ። አንዱ ከሰል የተቀባው ነው። ልጅቷ ባዶውን መጣያ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ፣ ይሄንን ማን ይወስዳል? እኔ እንደማይበላ አውቃለሁ። የውጭ ሌባም ቢሆን መስቀሉን ሲያይ ይተወዋል። ይሄን የወሰደው ከሰል ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው።"

እናቴ ከኋላችን ቆማ ሰምታለች። መጥታ ግንባሯን ሳመቻት። "አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ይቅር በይኝ" አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች። ነገሩ መፈታት የጀመረው ከዚህ ነው፤ የፈታችውም እሷ ናት።

ሌባው ማን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንቁላል ሲጠፋ ብዙ ሰው ይገምታል እንጂ ምልክቱን አያይም። ሌባው ሁሉ የየራሱ አሠራር አለው።

አይጠ መጎጥ እንቁላል ሲወስድ ቅርፊት ይተዋል። ጥግ ላይ ወይም ጉድጓዱ አፍ ላይ የተነከሰ ስብርባሪ ይገኛል። ዶሮ ራሷ እንቁላሏን መብላት ከለመደች ጭዱ በአስኳል ይርሳል፣ መንቁሯም ላይ ይደርቃል። ሸለምጥማጥ ገብቶ ከሆነ ጠዋት የምትቆጥሩት እንቁላል አይደለም፤ አንገታቸው የተነከሰ ዶሮዎችን ነው። ጭልፊት የሚመጣው ቀን ነው፣ የሚፈልገውም ጫጩት ነው። እባብ ግን እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ይውጠዋል። ምንም አይቀርም። ጭዱ እንኳ እንደተኛ ነው።

ከዚህ የሚለይ አንድ የእባብ ዓይነት በአገራችን አለ። ምግቡ የወፍ እንቁላል ብቻ ነው። እንቁላሉን ውጦ ከአከርካሪው ወደ ጉሮሮው በሚወጡ አጥንቶች ይሰብረዋል፤ ፈሳሹን ያስቀርና ቅርፊቱን ጨፍልቆ ይተፋዋል። መርዝ የለውም፣ ሰውንም አይጎዳም። የተጨፈለቀ ቅርፊት መሬት ላይ ብናገኝ ኖሮ እሱን እንጠረጥር ነበር። ፈልገን አላገኘንም።

ሌላው ፍንጭ በእናቴ ደብተር ውስጥ ነበር። ሐምሌ 3፣ 10፣ 18። በየሰባት በየስምንት ቀኑ ነው የጎደለው። አይጥ ቢሆን በየቀኑ ይመጣል፤ በየቀኑ ይርበዋላ። እባብ ደህና አድርጎ ከበላ ግን ለቀናት ተኝቶ ይፈጫል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግን ቀኖቹን አክብቤ ለእናቴ ሳሳያት ሁለታችንም ዝም አልን።

ሐምሌ 25 አራት እንቁላል ጠፋ። አንዲት ቄብም ሞታ ተገኘች። ሬሳዋ ላይ ቁስል አይታይም፣ ደምም የለም። ከራሷ እስከ ትከሻዋ ያለው ላባ ግን ረጥቦ ተለጥፏል። ከትከሻዋ በታች ደረቅ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። ጠርተናቸው መጡ። ቄቧን በእንጨት ገልበጥ አድርገው አዩና፣ "ይሄ እባብ ነው ልጄ" አሉኝ። "ገድሎ ከራሷ በኩል ሊውጣት ጀመረ። ትከሻዋ ጋ ሲደርስ አላስገባ አለው። መልሶ ተፋት።"

ልክ ነበሩ። እባብ ምግቡን አያኝክም፣ አይቆርስም። አፉ የቻለውን ያህል ከፍቶ ሙሉውን መዋጥ አለበት። የማይችለውን ይተወዋል፤ ምልክቱም ያ እርጥብ ላባ ነው።

የመጀመሪያው ግድያ

በማግስቱ የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡ። ማገዶውን እያነሡ ጣሉት። ከሥሩ አንድ ቡናማ እባብ ወጣ፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያንሳል። ደቂቃ ሳይሞላ ገደሉት። ሁሉም ደስ አለው። እኔም እፎይ አልኩ፤ አልዋሽም።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ቀጭን እባብ የቦቫንስ እንቁላል፣ ያውም አምስት በአንድ ሌሊት እንዴት ይውጣል? ሆዱ አበጥ ብሎ ነበር። ጋሼ በቢላ ከፈቱት። ውስጡ አይጥ ነበር።

ፎቶውን የባዮሎጂ መምህር ለሆነ ጓደኛዬ ላክሁለት። ከዓይኑ ግራና ቀኝ ያለፈውን ፈዛዛ መስመር አሳየኝ። ሰው ቤት አካባቢ የሚኖር፣ መርዝ የሌለው፣ ሌሊት ሌሊት አይጥ የሚያድን እባብ ነው አለኝ። ጠባቂያችንን ነው የገደልነው። (አንድ ነገር ላስገባ፦ የሞተ እባብ ራስ በእጅ አይነካም። ራሱ ከተቆረጠ በኋላም መንጋጋው ለተወሰነ ጊዜ ሊነክስ ይችላል። ልጆቹ በእጃቸው ሊያነሡት ሲሉ ነው ያስቆምኳቸው።)

መምህሩ ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "ለመሆኑ አይጡ ምን ፍለጋ መጣ?"

የመኖው ሒሳብ

በዚያ ማታ ከእናቴ ጋር ደብተር ይዘን ተቀመጥን። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። አሥራ አምስቱ 1.8 ኪሎ ማለት ነው። የ50 ኪሎ ጆንያ 27 ቀን ሊያቆየን ይገባ ነበር። ቄቦቹ ከእናታቸው ጋር ቀን የተቀቀለ ትርፍራፊና ፉርሽካ ለብቻ ስለሚሰጣቸው ከዚህ አይቆጠሩም። እናቴ ጆንያ የገዛችበትን ቀን ጽፋለች። የሚያልቀው በ19 ቀን ነው።

በ19 ቀን ዶሮዎቹ የሚበሉት 34 ኪሎ ነው። 16 ኪሎው የት ሄደ? ግማሹን ወፍ ለቀመው፣ ተደፋ፣ ረጠበ እንበል። የቀረው 8 ኪሎ በቀን ከ400 ግራም በላይ ይሆናል። አንድ አይጠ መጎጥ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ቢበላ ከአሥር በላይ አይጥ እየቀለብን ነበር ማለት ነው። በራሳችን ገንዘብ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መኖው የሚቀመጠው በጆንያ ነው፣ ከዶሮ ቤቱ ጎን፣ አፉ በገመድ ታስሮ። መመገቢያው ሌሊትም አይነሣም፤ "ሲነጋ እንዳይርባቸው" እያለች እናቴ ማታ ትሞላዋለች። ጆንያውን ስናነሣው ከሥሩ ሁለት ቦታ ተቀዶ ነበር።

አይጡን የጠራው መኖው ነው። እባቡን የጠራው አይጡ ነው። እንቁላሉን ያገኘው አይጥ ፍለጋ ሲመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ነሐሴ 3 ጠዋት

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። በፍልሰታ እንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል። እናቴም ቅዳሴ ስለምትሄድ እንቁላሉ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ እየቆየ ነበር። መኖውን በርሜል ውስጥ ለማድረግ ወስነናል፤ ግን ገና በርሜል አልገዛንም። ስለ ቀኑም ልጅቷን አስጠንቅቄያት ነበር። ከሐምሌ 25 ስምንት ቀን ስትቆጥሩ ነሐሴ 3 ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ዶሮ ልትለቅ ሄደች። በሩን አልከፈተችም። መጀመሪያ በሽቦው አየች። ዶሮዎቹ ሁሉ ቆጥ ላይ ናቸው፣ አንድ ጥግ ተጣብቀው፣ ድምፅ የላቸውም። መጣያው ውስጥ የተጠቀለለ ጥቁር ነገር አለ። ወደኋላ ሳትዞር በቀስታ አፈገፈገች።

"እትዬ! እዚያው ቁሚ፣ አትምጪ! አለ!"

ከአራት ሜትር ያህል ርቀት አየሁት። ወፍራም ነው። ጠቆር ያለ። ስጠጋ ደረቱን ከመሬት አንሥቶ አንገቱን ዘረጋ፤ አንገቱ እንደ ማንኪያ ሰፋ። ኮብራ ነው። ያን ሰዓት ጉልበቴ ከድቶኛል።

እባቡ ለመውጣት እየታገለ ነበር። በሩ ሥር ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የገባው በዚያ ነው። ራሱና አንገቱ በክፍተቱ ይወጣሉ፤ ሆዱ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ጋ ሲደርስ ይያዛል። እንደገና ይመለሳል። የዶሮ ሽቦውንም ሞከረ። ያው ነው። ይህን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር፦ የዶሮ ሽቦና የበር ክፍተት ባዶ ሆዱን የመጣ እባብ አያስቆሙም። የጠገበውን ግን አስረው ያስቀሩታል። ጠዋት በሩን በባዶ እጅ የሚከፍት ሰው የሚያገኘው የተናደደና መውጫ ያጣ እባብ ነው።

ጋሼ ዱላ ይዘው መጡ። ሌሎችም ድንጋይ ይዘው መጡ። የፈላ ውሃ ያለም ነበር።

"ጋሼ፣ እባክዎ ዱላውን ያስቀምጡት" አልኳቸው።

"እባብ አይተሽ ታሳልፊያለሽ ልጄ? ነገ ማን እንደሚነደፍ ታውቂያለሽ?"

ጥያቄያቸው ተራ ጥያቄ አይደለም። ልጆች ያሉበት ሰፈር ነው። እኔም ሳስበው የቆየሁት እሱን ነው። ግን በዱላ ለመግደል አንድ ሰው ዱላው የሚደርስበት ድረስ መጠጋት አለበት። የእኛ ዶሮ ቤት ጠባብ ነው። ዱላ የሚወዛወዝበት ቦታ የለም። ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእባብ የሚነደፈው ሳያይ ሲረግጠው ወይም ሊገድለው ሲጠጋ ነው። ደግሞም አንዱን ገድለን አይተናል። አይጡ እስካለ ሌላው ይመጣል። ይህን በአጭሩ ነገርኳቸው። ዱላቸውን አላስቀመጡም፤ ግን ቆሙ።

አቮካዶ የምናወርድበት ረጅም ዘንግ አለን። ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። በእሱ መቀርቀሪያውን ከሩቅ ሳብኩና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የማዕድ ቤቱንና የቤቱን በር ዘጋን። ልጆች ሁሉ ውስጥ ገቡ። ሰው በሙሉ ወደ በረንዳው ተመለሰ። ዝም ብለን ቆየን። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ እየዘለሉ ወጡ። እባቡ ግን አርባ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሰም። እኔ አርባ ዓመት መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ግራና ቀኝ ሳያይ ሁለቱን እርምጃ አለፈና ብሎኬቱ ክምር ውስጥ ገባ።

ጋሼ፣ "ቤቱ እዚያ ኖሯል" አሉ። ስንት ጊዜ እዚያ ብሎኬት ላይ ተቀምጬ ቡና ጠጥቻለሁ።

ብሎኬቱን ማንሣት

በዚያ ቀን አልነካነውም። ክምር ውስጥ ያለ እባብ ላይ ክምር ማፍረስ ሞኝነት ነው። ሁለት ቀን ጠበቅን። በእነዚያ ሁለት ቀናት ጓሮ የሚገባ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ዶሮዎቹን በማዕድ ቤት በኩል በካርቶን አሳደረቻቸው።

ነሐሴ 5 ፀሐዩ ሲበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ጀመርን። ቦቲ ጫማ፣ ወፍራም ሱሪ፣ ጓንት። እጅ ግን ምንም ቀዳዳ ውስጥ አይገባም ብለን ተስማማን። ወንድሜ ሁለት ሜትር ፌሮ ብረት ጫፉን ቆልምሞ አመጣ። በእሱ ብሎኬቱን በቀዳዳው እያነቀ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይስባል። ሁላችንም የቆምነው በቤቱ በኩል ነው። የዳገቱ በኩል ባዶ ተትቷል፤ ቢወጣ መንገድ እንዲያገኝ። እባብ በመሬት የሚመጣ ንዝረት በደንብ ይሰማዋል። ከመጀመራችን በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ክምሩ አጠገብ በረጅም እንጨት መሬቱን ስንደበድብ ቆየን።

እባቡ አልነበረም። ሄዷል። ያገኘነው ግን በቂ ነበር። ከመካከለኛው ረድፍ ላይ ከጆንያ ክርና ከእንሰት ቃጫ የተሠራ የአይጥ ጎጆ፣ ውስጡ ሰባት ገና ፀጉር ያላበቀሉ ግልገሎች። ከሥር ባለው ረድፍ ደግሞ የተገፈፈ የእባብ ቆዳ፣ ሙሉው፣ እንደ ካልሲ የተገለበጠ። ስንለካው ከአንድ ሜትር ተኩል አለፈ። የተገፈፈ ቆዳ ስለሚለጠጥ ከባለቤቱ ይረዝማል፤ ቢሆንም ትንሽ እባብ አልነበረም። አይጡም እባቡም አንድ ቤት ውስጥ፣ ምድርና ፎቅ ሆነው ነበር የሚኖሩት።

ምን ቀየርን?

ብሎኬቶቹን አልጣልናቸውም። ቀዳዳቸውን በሲሚንቶ ደፍነን የዶሮ ቤቱ አዲስ ወለል አደረግናቸው። አሁን ከሥሩ የሚገባበት የለም።

ከሁሉ በላይ የለፋንበት ሽቦው ነው። የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከውስጥ ለመያዝ ነው የተሠራው፤ ከውጭ የሚመጣውን አይከለክልም። ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ያህል የሆነ፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የማያሳልፍ ጠንካራ የብረት ወንፊት ፈለግን። ዋጋው ይበልጣል። ለሁሉም ቦታ አልበቃንም። ስለዚህ ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ተኩል ዙሪያውን እሱን አደረግን፣ ከላይ የድሮው ሽቦ ቀረ፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ግን በሙሉ በወንፊቱ ሸፈንን። እባብ ሻካራ ነገር ካገኘ ይወጣልና ከግድግዳው የተደገፈውን እንጨትና የአቮካዶውን ቅርንጫፍ አስወገድን። ወንፊቱ ከታች ሠላሳ ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ታጥፎ አፈር ውስጥ ተቀብሯል፤ አይጥ ቆፍሮ እንዳይገባ ነው። በሩ ሥር የድሮ ጎማ ቆርጠን ለጠፍን። ማታ ማታ ልጅቷ በባትሪ ዙሪያውን ትዞራለች፤ ብርሃኑ በጣውላው መካከል ወደ ውስጥ ካለፈ እዚያ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

መኖው አሁን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ነው። መመገቢያው ሲመሽ ይነሣል። እንቁላል በቀን ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል፣ ረፋድ ላይና 11 ሰዓት ላይ። አብዛኛው ዶሮ የሚጥለው ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ ሌሊት የሚያድር እንቁላል የለም። ይህ ምንም ወጪ የለውም። መጀመሪያውኑ ይህን ብቻ ብናደርግ እንኳ ብዙ እንቁላል እናተርፍ ነበር።

ሣሩን አጨድን። ደረቁን የእንሰት ቅጠል አነሣን። ማገዶው ከመሬት ጉልበት ድረስ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ነው፤ ከሥሩ ይታያል። የአይጥ መርዝ አልተጠቀምንም። የተመረዘ አይጥ ዶሮ ብትለቅመው፣ ድመት ብትበላው ጉዳት ነው። ወጥመድ አስቀመጥን። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ያዝን። ሒሳባችን ብዙ አልሳተም።

የሰፈር ምክር ብዙ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ዙሪያውን በትኑ። የተቃጠለ ዘይት አፍስሱ። ልብስ ውስጥ ለብል የሚቀመጠውን ነጭ ኳስ ጣሉ። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ሽንኩርቱ እባብ አያስቆምም። ዘይቱን ዝናብ ወስዶ ወደ ጎመኑ ያደርሰዋል። ነጩ ኳስ ደግሞ ለዶሮም ለሕፃንም መርዝ ነው፤ ከረሜላ መስሎት ልጅ ሊያነሣው ይችላል። አንድ ሰው የተቀቀለ እንቁላል ውስጥ መርዝ አድርጉ አለ። ውሻ አለ፣ አሞራ አለ፣ ልጅ አለ። እምቢ አልን።

ቢነድፍስ?

እኛ ይህን ያሰብነው ነሐሴ 3 ማታ ነው። ከዚያ በፊት ማሰብ ነበረብን።

የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መርዝ መጠቃትን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ችላ መባሉ እኛም ቤት ነበር። የትኛው ሆስፒታል ፀረ መርዝ እንዳለው አናውቅም። በማግስቱ እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንዱ ጋ የለም ተባልኩ። ሌላው ጋ አንዳንዴ አለ ተባልኩ። አሁን መጀመሪያ የትኛው ጋ እንደምንደውል ስልኩ በር ላይ ተለጥፏል። እናንተም ሳትነደፉ ጠይቁ።

የተነደፈ ሰው አይሮጥም። ይቀመጣል፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደተሰበረ ሁሉ በእንጨትና በጨርቅ ይደገፋል፣ እንዳይንቀሳቀስ። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ ጫማ ወዲያው ይወልቃል፤ እብጠት ሊመጣ ነው። ከዚያ ሳይዘገዩ ሆስፒታል። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ያባብሳል። ቅጠል ፍለጋ ማባከን የሚቻል ሰዓት የለም። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ያሳብጣል፣ ያበሰብሳል። የኮብራ መርዝ የዓይን ቆብን ይጥላል፣ ምላስን ያስራል፣ ቀጥሎም መተንፈስን ሊያቆም ይችላል። መርዝ የሚተፉ የኮብራ ዓይነቶችም አሉ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ዓይን አይታሽም። እባቡን ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ከሩቅ ፎቶ ከተነሣ ጥሩ፣ ካልተነሣም ይቅር።

እፉኝት ብዙ ጊዜ ሰው ሲመጣ አይሸሽም። ቅጠል መስሎ እንደተኛ ነው። ስለዚህ ጓሮ ማታ ያለ ባትሪና ያለ ጫማ አይገባም። እናቴ ነጠላ ጫማዋን ትታ ቦቲ ማድረግ ለመደች። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባል የለ፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ሲወድቅ እኔም ስንት ጊዜ ዘልያለሁ።

አሁን ያለንበት

ከነሐሴ 20 በኋላ እንቁላል አልጠፋም። መኖው 26 ቀን ያቆየናል። ኮብራውን ዳግም አላየነውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በአዲሱ ወለል ዳር በለስላሳው አፈር ላይ የተሳበ ነገር መስመር ነበር። ወንፊቱ ድረስ መጥቷል። በወንፊቱ ዳር ሄዷል። ከዚያ ወደ ዳገቱ ተመልሷል።

ደብተሩን አሁን የምትይዘው ልጅቷ ናት። እናቴ ራሷ ናት የሰጠቻት። ከሰል የተቀባው እንቁላል አለ፤ ግን ማታ ከሌሎቹ ጋር ቤት ይገባል፣ ጠዋት ይመለሳል።

ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ወንፊቱን ሲያዩ ቆዩና የእሳቸውን ማገዶ አስታወሱ። ከእኛ አጥር ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፣ ሁለት ክረምት ያደረ። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ፌሮውን ይዘን እንሄድላቸዋለን።